«ደረስኩ» ያለኝ ሰው የት ነበር? ስለ ጊዜ፣ ስለ ቦታና ስለ ነጻ ፈቃድ

ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ አንድ ካፌ፣ ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ጓደኛዬን እየጠበቅኩ ነበር። ቀጠሯችን አራት ሰዓት ነው። አራት ተኩል ሲሆን ደወልኩለት።

«ደረስኩ፣ ደረስኩ» አለኝ።

ከጀርባው ረዳቱ «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ! ሁለት ሰው!» እያለ ሲጣራ ይሰማኛል። ታክሲው ገና አልሞላም ማለት ነው። ሰውዬው ሜክሲኮ ነው። ግን ደርሷል።

አዲስ አበባ ላይ ይሄን ውሸት ብሎ የሚቆጥር የለም። «መጣሁ» ያለ አልመጣም፣ «ወጣሁ» ያለ ገና ካልሲውን እየፈለገ ነው። ሊሆን ያለውን ነገር እንደሆነ አድርገን እናወራለን፣ ሰሚውም ይገባዋል። ማኪያቶዬን እያማሰልኩ ይሄን ሳስብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ነቢያትም የሚናገሩት እንዲሁ ነው።

ኢሳይያስ «ሕፃን ተወልዶልናልና» ሲል፣ ክርስቲያኖች የሚያምኑት ልደት ገና ሰባት መቶ ዓመት ገደማ ይቀረው ነበር። «ይወለድልናል» አላለም። ቁርኣን ውስጥም ሱረቱ ነሕል ሲጀምር የአላህ ትእዛዝ መጣ ይልና ወዲያው አታስቸኩሉት ይላል። ከመጣ ምኑ ይቸኮላል? ብዙ ተርጓሚዎች የሚሰጡት መልስ፣ መምጣቱ የማይቀር ስለሆነ በኃላፊ ግሥ ተነገረ የሚል ነው። በነሱ ቤት «ደረስኩ» ሲባል እውነትም ተደርሷል።

እንግዲህ ጣጣው እዚህ ጋ ይጀምራል። የነገው ነገር ከሆነ ቦታ ሲታይ «ሆኗል» ከሆነ፣ እኔ ነገ የምመርጠው ምርጫ የኔ ነው ወይስ ተጽፎ ያለቀ?

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን ቃላቱን እንይ። አሁን ራሱ «በፊት» አልኩ። «በፊት» ያለፈ ጊዜ ነው፣ «ወደፊት» ደግሞ ያልመጣ። ሁለቱም የተሠሩት ከአንድ ፊት ነው! «በኋላ እንገናኝ» ስንል ደግሞ ኋላ ማለት ጀርባ ነው፣ የምናወራው ግን ስለሚመጣው ነው። ጊዜን በቦታ ቃል ካልሆነ መናገር አንችልም። ከግእዝ የወረስነው «ዓለም» ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ዓለም ማለት ይሄ የምንኖርበት ምድርና ሰማይ ነው። «ለዓለመ ዓለም» ሲባል ግን ማለቂያ የሌለው ዘመን ይሆናል። ዘላለም የሚለውን ቃል ፈታ አድርጋችሁ እዩት፣ ውስጡ ዓለም ተቀምጧል። ቦታና ጊዜን በአንድ ቃል የሚጠራ ቋንቋ ይዘን ነው ፊዚክስ ከበደን የምንለው።

ፊዚክሱም ያን ያህል አይከብድም። ጓደኛዬን እዚህ ካፌ ለመቅጠር ስንት ነገር መንገር አለብኝ? ከአደባባዩ በየትኛው መንገድ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ምን ያህል፣ ስንተኛ ፎቅ። ሦስት ነገር። ስንት ሰዓት የሚለው አራተኛው ነው። አንዱ ከጎደለ አንገናኝም። በቃ፣ ዳይሜንሽን ማለት ይሄ ነው። አንድን ነገር ለማግኘት ስንት ልኬት ያስፈልጋል የሚለው። ሄርማን ሚንኮቭስኪ የሚባለው የሒሳብ ሰው እ.ኤ.አ. በ1908 ጊዜና ቦታ ለየብቻ መታየታቸው ይብቃ፣ አንድ ባለ አራት ልኬት ነገር ናቸው ያለው፣ የቀድሞ ተማሪው አንስታይን ከሦስት ዓመት በፊት ባወጣው ሥራ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ስለዚህ ቲክቶክ ላይ «ወደ አምስተኛው ዳይሜንሽን ተሸጋግሬያለሁ» የሚሉ ሰዎችን ስታዩ ትንሽ ረጋ በሉ። ዳይሜንሽን ሰፈር አይደለም። ከገርጂ ወደ ቦሌ እንደሚቀየረው ቤት አይቀየርም። ሰዎቹ ማለት የፈለጉት ሐሳባችን ሰፋ፣ መንፈሳችን ነቃ ከሆነ ጥሩ፣ ለዚያ ግን የኖረ ቃል አለን። ተመስጦ ይባላል።

ጊዜ ደግሞ ለሁሉም እኩል አይሮጥም። ይሄ የመንፈሳዊ ሰው ግጥም ሳይሆን የሚለካ ነገር ነው። ከፍ ባልክ ቁጥር ሰዓት በጥቂቱ ይፈጥናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,350 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። ለገሃር የተቀመጠ ሰዓት፣ በድሮው ባቡር መስመር ሌላ ጫፍ ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ከተቀመጠው ሰዓት በዓመት ወደ 8 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ይቀድማል። ምንም ማለት አይደለም፣ አዎ፣ ለማርፈድም ምክንያት አይሆንም። ግን ዜሮ አይደለም። ሚኒባስ ሰልችቷችሁ በስልክ መኪና ስትጠሩ ያላችሁበትን የሚያሳየው ጂፒኤስ ደግሞ፣ ሳተላይቶቹ ላይ ያሉት ሰዓቶች በቀን 38 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ስለሚቀድሙ እርማት ይደረግላቸዋል። እርማቱ ባይኖር ስህተቱ በአንድ ቀን ወደ 10 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር። አራት ኪሎ የጠራችሁት ሹፌር ሲኤምሲ ሆኖ «ደርሻለሁ፣ የት ናችሁ?» ይላል።

መንፈሳዊዎቹ መጻሕፍት ይሄን ከረጅም ጊዜ በፊት ብለውታል የሚሉ አሉ። እኔ እዚህ ላይ እጠነቀቃለሁ። 2ኛ ጴጥሮስ በጌታ ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ነው ሲል ስለ ሳተላይት አይደለም የሚያወራው። ሙሉውን አንብቡት፣ ወዲያው ደግሞ ሺህ ዓመትም እንደ አንድ ቀን ነው ይላል። ምንዛሪ ቢሆን ኖሮ ባንዱ አቅጣጫ በበቃ ነበር። ቁርኣንም አንድ ቦታ ላይ በጌታህ ዘንድ አንድ ቀን እናንተ እንደምትቆጥሩት ሺህ ዓመት ነው ይላል፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ልኩ ሃምሳ ሺህ ዓመት ስለሆነ ቀን ይናገራል። ሂንዱዎቹ ጋ ስትሄዱ የብራህማ አንድ ቀን 4.32 ቢሊዮን ዓመት ነው። ቁጥሩ ለሒሳብ ከሆነ አይገጥምም። እኔ እንደሚገባኝ መልእክቱ፣ የኛ ሰዓት እሱን አያስረውም ነው።

ይሄን በደንብ ያፍታታው አውግስጢኖስ ይመስለኛል። ዛሬ አልጄሪያ በምንለው አገር እ.ኤ.አ. በ354 የተወለደ ጳጳስና የሃይማኖት ሊቅ፣ የኛው የአፍሪካ ሰው ነው። እግዚአብሔር ዓለምን ከመፍጠሩ በፊት ምን ይሠራ ነበር ለሚል ጥያቄ የሰጠው መልስ፣ «በፊት» የሚባል ነገር አልነበረም የሚል ነው። ጊዜ ራሱ ከፍጥረት ጋር አብሮ ነው የተፈጠረው። እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ ያለው ሽማግሌ አይደለም፣ ከነጭራሹ ዕድሜ በሚባለው ነገር ውስጥ የለም።

የቤተ ክርስቲያን ዜማ ውስጥ ይሄ በሥራ ላይ ሲውል ታዩታላችሁ። በገና ሌሊት ሊቃውንቱ «ዮም» እያሉ ይዘምራሉ። ዮም ማለት ዛሬ ነው። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት አይሉም። በስቅለት ቀንም እንዲሁ ነው፣ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጨለማ ሆነ የሚለው ወንጌል ሲነበብ የኛም ሰዓት ልክ እንደዚያው ስድስት ነው፣ ዘጠኝ ነው። ቀን ከጠዋት ጀምሮ ስለምንቆጥር የወንጌሉ ሰዓትና የግድግዳው ሰዓት አንድ ናቸው። ሌላው ዓለም በግርጌ ማስታወሻ የሚማረውን እኛ ሰግደን ደክሞን ሰዓት ስናይ እናገኘዋለን።

ቦታም በመንፈሳዊ ዓይን ሁሉም እኩል አይደለም። ፒያሳ ጊዮርጊስ ብትገቡ ስምንት ማዕዘን ያለው ሕንፃ ነው። ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። የተራመዳችሁት ወደ ጎን ነው፣ የተባለው ግን ወደ ላይ ነው። ሰባቱ ሰማያትም የሚቆጠሩት ጽርሐ አርያም ብሎ ጀምሮ በኢዮር፣ በራማና በኤረር ሲያልቅ በደረጃ ነው፣ በኪሎ ሜትር ግን ለክቷቸው የሚያውቅ የለም። አንዋር መስጊድ ብትሄዱ ሰጋጁ በሙሉ ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሯል፣ መካ ከኛ ቀጥታ በሰሜን በኩል ማለት ይቻላል። መርካቶ ባለው ግርግር ውስጥ፣ ቆርቆሮና ቦንዳ በተደረደረበት፣ አንድ አቅጣጫ ከሌሎቹ ተለይቶ ከበደ ማለት ነው።

እሺ፣ ወደ በረንዳው ልመለስ። ምክንያቱም እዚህ ሁሉ ሐሳብ ውስጥ እያለሁ ጓደኛዬን አየሁት።

ከታክሲ ወርዶ በሕንፃው ግራ በኩል ባለው የእግረኛ መንገድ እየመጣ ነው። እጁን ኪሱ ከቷል፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ። በሕንፃው በሌላኛው ጎን ደግሞ ሌላ የማውቀው ሰው በፍጥነት ይራመዳል። ጓደኛዬ ስድስት ሺህ ብር ተበድሮት ከሁለት ወር በላይ ስልኩን የማያነሳለት ሰው ነው! አይተያዩም፣ መሐላቸው የሕንፃው ጥግ አለ። እኔ ግን ሁለቱንም አያለሁ። ጥጉ ላይ ፊት ለፊት እንደሚገጣጠሙ አውቃለሁ።

እነሱ ወደፊትና ወደ ጎን ብቻ ነው ያላቸው። እኔ ከፍታ ተጨምሮልኛል። አንድ ልኬት ስለጨመርኩ ለነሱ «ወደፊት» የሆነው ለኔ አሁን ሆነ ማለት ይቻላል። አሁን ጥያቄው ይሄ ነው፣ እኔ ስላየሁ ነው የሚገናኙት? በጭራሽ። እግራቸው የራሳቸው ነው።

ቦኤቲየስ የሚባል ሮማዊ ፈላስፋ ሞት ተፈርዶበት እ.ኤ.አ. በ520ዎቹ እስር ቤት ሆኖ ያሰበው ነገር ይሄው ነው። ማየት ማስገደድ አይደለም። ሰው ሲራመድ ብታየው እየተራመደ መሆኑ እርግጥ ነው፣ ግን ዓይንህ አልገፋውም። እግዚአብሔር ደግሞ «አስቀድሞ» አያውቅም፣ እሱ ዘንድ ቀድሞም ቆይቶም የለም፣ ሁሉ በአንድ አሁን ውስጥ ነው የሚታየው። ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ቶማስ አኩዊናስ የሚባለው የካቶሊክ ሊቅ ነገሩን በመንገድ መሰለው። መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው ከኋላው የሚመጡትን አያይም፣ ከፍታ ላይ ያለ ግን መንገደኛውን ሁሉ ባንዴ ያያል አለ። አራት ኪሎ ፎቅ ላይ ማኪያቶ ይዞ መሆኑ ብቻ ነው የኔ ልዩነት።

ግን ልብ በሉ፣ እኔ ስልክ አለኝ። ከላይ ያለ ሰው ዝም ብሎ ከማየት አልፎ ከተናገረስ? ያየው ነገር ያው ይሆናል?

ቶሎ ደወልኩ። በዚያ በኩል አትምጣ ልለው ነበር። ጠራ። ጠራ። አላነሳም። ኪሱ ውስጥ ሳይለንት አድርጎታል መሰለኝ፣ ባለዕዳ ሰው ስልኩ ሁሌም ሳይለንት ነው።

ሲጠራ ሳለ ነነዌ ነው የመጣብኝ። ዮናስ ከተማዋ ትገለበጣለች ብሎ ሰበከ። «ካልተመለሳችሁ» የሚል ቃል አልጨመረም። ሰዎቹ ግን ጾሙ፣ ተጸጸቱ፣ የተነገረው ቀረ። ዮናስ እስኪናደድ ድረስ ቀረ። እኛም በየዓመቱ ሦስት ቀን ጾመ ነነዌ ብለን የምንጾመው ያልተፈጸመ ትንቢት መታሰቢያ ነው ብል አታስወቅሱኝ። በሌላ በኩል ጴጥሮስ አለ። ዶሮ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ ትክደኛለህ ተባለ፣ እሱ ሞቼ እገኛለሁ አለ፣ ዶሮው ሲጮኽ ግን ክዶ ጨርሷል። አንዱ ትንቢት ሰሚውን ለወጠና ራሱ ተለወጠ፣ ሌላው እየሰሙትም ሆነ። ለኔ የሚገባኝ፣ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነበር፣ ሁለተኛው ማየት። ስልክና በረንዳ እንደማለት።

በእስልምና ቀደር፣ ማለትም የአላህ ውሳኔ፣ የሚባለው ነገር ላይ ክርክሩ ከዚህ የጠለቀ ነው። ሙዕተዚላ የሚባሉት የጥንት ሊቃውንት ሰው ሥራውን ራሱ ካልፈጠረ አላህ በምን ፍትሕ ይቀጣዋል ብለው ተከራከሩ። ከነሱ መሐል የወጣው አቡል ሐሰን አል አሽዓሪ፣ በ10ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ድርጊቱን የሚፈጥረው አላህ ነው፣ ሰው ግን ይቀበለዋል፣ የራሱ ያደርገዋል አለ፤ ከስብ ይሉታል። ሐቁን ልናገር፣ ይሄን ከስብ የሚሉትን ሦስት ጊዜ ተረድቼው ሦስት ጊዜ ጠፍቶብኛል። የኸሊፋው የዑመር ታሪክ ግን ወዲያው ይገባል። ወደ ሻም (ወደ ሶርያ አካባቢ) ሲሄዱ እዚያ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙና እንመለስ አሉ። የጦር አዛዡ አቡ ዑበይዳ ከአላህ ውሳኔ ሊሸሹ ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። አዎ፣ ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ ነው የምንሸሸው አሉት። ከዚያ የግመል ምሳሌ አመጡ። ሸለቆው አንዱ ጎኑ ለምለም፣ አንዱ ጎኑ ደረቅ ቢሆን፣ በለምለሙም በደረቁም ብታሰማራ በአላህ ውሳኔ ነው። የት እንደምታሰማራ ግን አንተ ታያለህ።

ፕሮቴስታንቶቹም የራሳቸው አላቸው፣ የሚድነውን እግዚአብሔር አስቀድሞ መርጧል የሚለው ካልቪን በአንድ ወገን፣ ሰው ጸጋውን ሊቀበልም ሊገፋም ይችላል የሚለው አርሚኒየስ በሌላ፣ ተከታዮቻቸው እስከ ዛሬ አልታረቁም።

እኛ ሰፈር ግን ነጻ ፈቃድን የሚያሸንፈው ካልቪን ሳይሆን የአርባ ቀን ዕድል ነው። ትዳር ሲፈርስ የአርባ ቀን ዕድሌ ነው። ንግድ ሲከስር፣ ልጅ ሲወድቅ፣ የአርባ ቀን ዕድል። በነገራችን ላይ ሴቶቹም ይሄንኑ ይላሉ፣ ክርስትና የሚነሡት ግን በሰማንያ ቀን ነው፣ ዕድላቸውን ማን አርባ ቀን እንዳስቀደመው እንጃ። ኮከብ የሚቆጥረውም የስምህንና የእናትህን ስም ፊደላት በቁጥር ደምሮ ለ12 ያካፍላል፣ የተረፈው ኮከብህ ነው። ቤተ ክርስቲያን ይሄን አትቀበልም። ሲራክ 15 ላይ ያለው ትምህርት ሌላ ነው፣ እሳትና ውሃ ቀርቦልሃል፣ ወደ ወደድከው እጅህን ስደድ ነው የሚለው። ደግሞ ታዝባችሁ ከሆነ፣ ዕድሌ ነው ባዩም አራት ኪሎ አስፋልት ሲሻገር ግራ ቀኝ ያያል። የተጻፈ አይቀርም ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሻገር አላየሁም። ዕድል የምንለው ሁሌም ከሆነ በኋላ ነው።

ሳይንስ ነጻ ፈቃድ የለም ብሏል የሚሉ ደግሞ የአንጎል ተመራማሪውን ቤንጃሚን ሊቤትን ይጠቅሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው ጥናት ሰዎች በፈለጉት ሰዓት እጃቸውን እንዲያንቀሳቅሱ አደረገ። አንጎላቸው ውስጥ ዝግጅቱ የሚጀምረው፣ «አሁን ወሰንኩ» ካሉበት ቅጽበት አንድ ሦስተኛ ሰከንድ ገደማ ቀድሞ ነው። ግን እጅ ማነቃነቅ ሌላ፣ ስድስት ሺህ ብር አለመክፈል ሌላ። ሁለተኛው ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ የሚወሰን ነገር ነው። ሊቤት ራሱም ቢሆን በመጨረሻዋ ቅጽበት ተው ማለት ይቻላል ብሎ ያምን ነበር።

ቦኤቲየስ ላይ ያለኝ ቅሬታ ሌላ ነው። እኔ በረንዳ ላይ ያለሁት ሰው መንገዱን አልሠራሁም፣ ሁለቱን ሰዎችም አልፈጠርኩም። ስለዚህ ማየቴ ብቻ ነው ያለኝ። እግዚአብሔር ግን ጥጉንም እግሩንም የፈጠረ ነው። ማየት ማስገደድ አይደለም የሚለው መልስ ለኔ ይሠራል፣ ለሱ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። አንድ ጊዜ የሚያስተምሩኝን አባት ይሄን ጠይቄያቸው፣ ሳቅ ብለው «ልጄ፣ እሱ ስትመርጥ እንዲያይህ ነው የፈጠረህ፣ እንዲመርጥልህ አይደለም» አሉኝ። መልሱ ቆንጆ ነው። ጥያቄውን ግን ሙሉ በሙሉ አልዘጋልኝም።

ጥጉ ላይ ተገናኙ። ከላይ ሆኜ የጓደኛዬ ትከሻ ሲወድቅ አየሁ። ግራ ቀኝ አየ፣ መሮጫ የለም። ትንሽ ቆሙ። ሰውዬው ሲያወራ፣ የኔው ራሱን ሲነቀንቅ፣ ከዚያ ደግሞ ምን እንዳለው አላውቅም ሁለቱም ሳቁ። ይሄኛው ከበረንዳው አልታየኝም ነበር።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ አብረው ደረጃውን ወጡ። ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ሰውዬው ለራሱ ማኪያቶ፣ ለጓደኛዬም ጨምሮ አዘዘ። ጓደኛዬ ላቡን እየጠረገ ስልኩን ከኪሱ አወጣና አየው።

«ደውለህልኝ ነበር እንዴ?» አለኝ።